አሚን የተነፈጉ አባት

ሐሩን ገርጂ ላይ ቪላ ሲያሠራ የአባቱን ክፍል ከሁሉ አስቀድሞ ነው ያስጨረሰው። ይህን ማውራት ይወዳል። ኦሎምፒያ አካባቢ ካለው የመኪና መለዋወጫ መደብሩ ጎራ ላለ ሁሉ፣ ለማያውቀው ሰው ሳይቀር፣ ሻይ እያዘዘ ያወራል። የማያወራው ክፍሉ ከዋናው ቤት ጀርባ ካሉት ሰርቪሶች አንዱ መሆኑን፣ መወርወሪያውም በውጭ በኩል መገጠሙን ነው። እህቱ ሲቲ ግን ይህን ከማንም አብልጣ ታውቃለች፤ በየቀኑ መወርወሪያውን ስባ የምትቆልፍባቸው እሷ ናትና። በሳበችው ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። ወንድሟን እስከ አንድ ዓርብ ቀን ድረስ ፊት ለፊት ያልተናገረችው ፈርታው አይደለም። አንዴ ከጀመረች እንደማታቆም ስለምታውቅ ነው።

አባታቸው ሐጂ አብዱልገኒ ኮምቦልቻ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሰው የሚያውቃቸው ግን በጨርቃቸው አይደለም፣ በዱዓቸው ነው። ወሎ ውስጥ ሰው የጭንቅም የደስታም ቀን ሲመጣበት ተሰብስቦ ወዳጃ ይቀመጣል፤ አንድ አባት ይመርቃል፣ የቀረው መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል። መንገደኛው፣ ሙሽራው፣ ሱቅ ከፋቹ፣ ልጅ አልረጋ ያላት፣ ሁሉም እሳቸው ደጅ ይመጣ ነበር። ሐጂ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው፣ መዳፋቸውን ሽቶ ቀብተው “አላህ ይስጥ” ሲሉ ቤቱ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ሲቲ ያደገችው ያንን አሚን እየሰማች ነው። ሕፃን ሳለች የአባቷ ሥራ ምን እንደሆነ ሰዎች ሲጠይቋት “አሚን ማስባል” ብላ ሰው አስቃለች።

እናታቸው ሲሞቱ ሐሩን አባቱን አዲስ አበባ አመጣቸው። ባል የሞተባትን እህቱንም አብራ ታስታምማቸው ብሎ አመጣት። የአእምሯቸው ነገር ያኔም ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋቸው፣ ቀጥሎ የቤቱ በር፣ ቀጥሎ ቀኑ ራሱ።

አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ፣ በሰማንያ ስድስት፣ ሐሩን አንድ ያገለገለ የጭነት መኪና ገዝቶ ነበር፤ ከአሰብ ዕቃ እንዲያመላልስለት። የአገሩን ሰዎች ጠራ፣ በግ አረደ፣ አባቱም እንዲመርቁ ጓሮ አስቀመጣቸው። ሐጂ በደንብ ጀመሩ። መንገዱን አቀኑ፣ ጎማውን ባረኩ፣ ከዚያ መሐል ላይ የት እንዳሉ ጠፋቸው። ሾፌሩ ሃይደር መዳፉን ዘርግቶ ፊታቸው ተንበርክኮ ሳለ፣ “ሃይደርን አላህ ይርሐመው፣ ቀብሩን ያስፋለት” ብለው ቀጠሉ። ግማሹ ሰው በልማድ አሚን ብሎ ነበር። የተናገረው ሲገባው ደነገጠ። ሃይደር ሳቅ ብሎ “ገና ነኝ ሐጂ” አለ፤ ሌላ ማንም ግን አልሳቀም።

ወር ሳይሞላ ያ መኪና ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ፣ ሃይደርም ሞተ።

ከለቅሶው በኋላ ማንም ተሰብስቦ የወሰነው ነገር የለም። ግን በዚያ ቤት ከዚያ ቀን ወዲህ ለሐጂ አብዱልገኒ አሚን ያለ ሰው አልነበረም። የሐሩን ሚስት ኑራ እሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ልጆቿን ሰብስባ ትገባለች። እንግዳ ሲመጣ ሐሩን “አባባ ደክሟቸው ተኝተዋል” ይላል። አዋቂ ሰው፣ ሱፍ ለብሶ ባንክ የሚመላለስ ሰው፣ የገዛ አባቱን ምላስ እንደ ጥይት ፈራ። ሲቲም አብራ ዝም አለች። እንደ እሱ አምና አይደለም፤ ቤቱ ሁሉ ዝም ሲል የብቻዋ ድምፅ ከበዳት።

ዝምታው ግን ሰውዬውን ሊገድላቸው ነበር። በየቀኑ ከዐሥር ሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት ሰዓት ሲያልፍ፣ ሐጂ ከአልጋቸው ይነሳሉ። መዳፋቸውን ይዘረጉና “አላህ ይስጥ” ይላሉ። ቆም ይላሉ። መልስ የለም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግሙታል፤ ዞር ዞር ብለው ሰው ይፈልጋሉ። ከዚያ እጃቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይበጥሳሉ፣ በሩን ይደበድባሉ፣ ይሳደባሉ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ልጅ ያለቅሳሉ። ይኸኔ መወርወሪያው ይሳባል። ገላቸውን ልታጥብ ስትሞክርማ ሲቲን ይገፏት ነበር። ልብሳቸውን የምታወልቅባቸው ሴት ልጃቸው መሆኗን አያውቁም፤ ቢያውቋትም ልጃቸው ፊት መራቆት ለእሳቸው ሞት ነው።

ሐሩን አንድ ክሊኒክ ወሰዳቸውና ኪኒን ይዞ ተመለሰ። ኪኒኑ ሠራ ማለት ይቻላል። ሐጂ መጮህ ተዉ። መብላትም ተዉ፣ ምራቃቸው በጢማቸው ይወርድ ጀመር፣ ሁለት ጊዜ ከአልጋ ወድቀው ግንባራቸው ተላጠ። “አየሽ፣ ተረጋጉ” አላት ሐሩን። ሲቲ ከዚያ ወዲያ ኪኒኑን አንድ ቀን እየሰጠች አንድ ቀን ትዘለው ነበር፤ በሰጠችበት ቀን እሳቸውን ማየት ታፍራለች፣ በዘለለችበት ቀን ጩኸታቸውን መስማት ያቅታታል።

ነገሩ የተለወጠው በጎርፍ መውረጃ ጠብ ነው። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ምንትዋብ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ የወረኢሉ ሰው፣ አንገታቸው ላይ ማተብ፣ አፋቸው ላይ ስለት ያላቸው። የሐሩን ግቢ ውሃ አጥራቸው ሥር እየገባ ስላስቸገራቸው አንድ ከሰዓት በኋላ ሊጣሉ መጡ። የጓሮው በር ክፍት ነበርና ዘው ብለው ሲገቡ ሐጂ አብዱልገኒ ደፉ ላይ ቆመው መዳፋቸውን ዘርግተዋል። ያ ቀን ኪኒን ያልወሰዱበት ቀን ነበር።

“ደጁን ሰላም ያድርገው” አሉ ሐጂ።

ወይዘሮ ምንትዋብ ለጠብ የሰበሰቡት ቁጣ አፋቸው ላይ ቀረ። ወሎ ተወልዶ ያደገ እጅ ምርቃት ሲሰማ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ይዘረጋል። “አሜን” አሉ።

ሐጂ ዞር ብለው አዩአቸው። ትንሽ ጠበቁና “ጎረቤቱን ያፋቅረው” አሉ። ወይዘሮ ምንትዋብ አሜን አሉ። የታመመውን ያሽረው፤ አሜን። የሄደውን ይመልሰው፤ አሜን። እንዲህ እያሉ ብዙ ሄዱ። ሲቲ ጭልፋ እንደያዘች ከማድ ቤቱ በር ላይ ቀረች። የአባቷ ትከሻ ሲወርድ፣ የእጃቸው መንቀጥቀጥ ሲቆም፣ ድምፃቸው የድሮውን ዜማ ሲይዝ አየች። በመጨረሻ ፊታቸውን በመዳፋቸው አብሰው ተቀመጡና ራታቸውን ጠየቁ። ራሳቸው ጠየቁ። በዚያ ዓመት ምግብ ጠይቀው አያውቁም።

“ምነው ልጄ” አሏት ወይዘሮ ምንትዋብ፣ “እስከ ዛሬ አሜን የሚላቸው አጥተው ነው እንዴ ይህን ሁሉ የሚጮሁት?”

ሲቲ መጀመሪያ በራሷ ተናደደች። በራስ መናደድ ግን ብዙ አያስኬድምና ጥቂት ቆይቶ ንዴቷን ሰብስባ ሙሉውን ወደ ወንድሟ አዞረችው፤ ከድርሻው በላይም አልደረሰውም።

ከማግስቱ ጀምሮ የራሷን መንገድ ያዘች። ኪኒኑን ሽንት ቤት ጣለችው። ኑራ ምንጣፍ ያበላሻል ብላ ያስወጣችው የሐጂ አጎዛ ጠፍቶ ስለነበር ወይዘሮ ምንትዋብ የፋሲካ በጋቸውን ቆዳ ሰጧት፤ በጨው አሽታ ፀሐይ ላይ አደረቀችው። ከዐስር በፊት ውሃ ለብ አድርጋ በማንቆርቆሪያ ትይዝና “አባ፣ ለዱዓው ይተጣጠቡ” ትላቸዋለች። ገላዎን ልጠብ ሲባሉ የሚገፏት ሰውዬ ለዱዓ ሲባሉ እጅጌያቸውን ራሳቸው ይሰበስባሉ፤ እግራቸውን ይዘረጉላታል። ደረትና ጀርባቸውን ጀለቢያቸው ሥር እጇን እያስገባች በእርጥብ ፎጣ ታብሳለች፣ ሳይራቆቱ። መዳፋቸውን ከመርካቶ ያስመጣችውን ያንኑ የድሮ ሽቶ ትቀባቸዋለች። ሲሸታቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አጎዛው ላይ ያስቀምጧቸውና እሷ ፊት ለፊት፣ ወይዘሮ ምንትዋብ ደግሞ በርጩማ ላይ ሆነው፣ “ይመርቁን” ይሏቸዋል።

ዳኑ አይባልም። ሲቲን በራሳቸው እናት ስም ይጠሯታል፤ ያሉበትን ከተማ አያውቁትም። ዱዓው መሐል ላይም ያው እንደ ጥንቱ ይደባለቅባቸዋል፤ አንድ ቀን ወይዘሮ ምንትዋብን ቀበሯቸው፣ ሌላ ቀን ሲቲን ዳሯት። ሁለቱም ሴቶች አሚንም አሜንም አሉ። “ከሞትኩም ይማረኝ፣ ምን ጎደለብኝ” አሉ ወይዘሮ ምንትዋብ ጫማቸውን እየፈለጉ። ጩኸቱ ግን ቀረ። ሰውዬው መብላት ጀመሩ። መወርወሪያው መሳብ ቀረ።

እንዲህ እያለ ሐሩን ሁለተኛ የጭነት መኪና ገዛ፤ ይኸኛው አዲስ ነው። እንደ ልማዱ የአገሩን ሽማግሌዎች ለዓርብ ከሰዓት በኋላ ጠራ፣ ከመካከላቸው አንዱ እንዲመርቅለትም ለመነ። ኑራ የጓሮውን ነገር ነግራው ኖሮ፣ ዓርብ ከምሳ በኋላ ከአዲስ የኪኒን ብልቃጥ ጋር ወደ ሰርቪሱ መጣ። ሲቲ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ከማድ ቤት ስትወጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

“እትዬ፣ ዛሬ ብቻ” አላት። “ዛሬ ሁለት ስጫቸውና ይተኙልኝ። ሰዎቹ ሲሄዱ እንደፈለግሽ አድርጊ።”

“አይተኙም። ሰዓታቸው ደርሷል።”

“የሃይደርን ነገር ረሳሽው? አዲስ ሾፌር አለኝ፣ የሰው ነፍስ ነው። እሳቸው አንድ ነገር ቢናገሩ ማን ይነዳልኛል?”

ያን ጊዜ የሲቲ ትዕግሥት አለቀ። ጮክ ብላ አልተናገረችም፤ ቁጣዋ ከጩኸት አልፎ ነበር።

“ሃይደርን የአባቴ አፍ አልገደለውም። ፍሬን ነው የገደለው። በሄደበት ቀን ጠዋት እዚችው ቆሞ ቁርሱን እየሰጠሁት ነግሮኛል። ፍሬኑ አይዝም አለኝ። ለሐሩን ብነግረው ከአሰብ ስትመለስ እንለውጠዋለን አለኝ አለ። የመለዋወጫ ነጋዴ! መደብርህ እስከ ጣሪያው የፍሬን ሸራ ተደርድሮ፣ ላንድ ቀን ሥራ እንዳይቆም ብለህ ቁልቁለት ላይ ሰደድከው። ስታበቃ ዓይንህን በጨው አጥበህ ነገሩን በእኚህ ሽማግሌ ላይ ጣልክ።”

ሐሩን ወደ ግቢው ዞር ብሎ አየ። “ድምፅሽን ቀንሺ” አላት።

“የቆለፍክባቸው ምላሳቸውን ፈርተህ አይደለም። እሳቸው በተናገሩ ቁጥር ሰው ሃይደርን ያስታውሳል። ካስታወሰ ደግሞ ይጠይቃል። እኔም ዝም ብዬልሃለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ከዛሬ በኋላ ግን ዝም አልልም።”

ሌላ የሚለው ነገር ካለ ትጠብቀው ነበር። ይቆጣል፣ ይክዳል፣ ምናልባትም ያለቅሳል ብላ ነበር። እሱ ግን ብልቃጡን በእጁ እያገላበጠ ዝም አለ። ሲቲን ከሁሉ ይልቅ ያቃጠላት ይኸው ዝምታ ነው፤ የማያውቀው ነገር ብትነግረው ኖሮ አንድ ነገር ይል ነበር።

“ፈቀቅ በል” አለችው። “ውሃው ይቀዘቅዛል።”

ፈቀቅ አለ።

ሐጂ አብዱልገኒ ታጥበው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ በሲቲ ክንድ ተደግፈው ወደ ግቢው ሲወጡ ሽማግሌዎቹ ከመኪናው ፊት ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሊመርቁ የተጠሩት ሰው መዳፋቸውን ዘርግተው ጀምረው ነበር፤ ሐጂን ሲያዩ አቋርጠው ቆሙላቸው። አክብሮት ነው፣ ግን ፍርሃትም አለበት። አንዱ ሌላውን ያያል። ኑራ ትንሹን ልጇን ጎትታ ወደ ቤት ገባች። ሲቲ አጎዛውን አንጥፋ አባቷን አስቀመጠችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ሐጂ መኪናውን፣ ሰዎቹን፣ ሰማዩን አዩ። መዳፋቸውን ዘረጉ።

“አላህ ይስጥ።”

“አሚን” አለች ሲቲ። ከእሷ በቀር የመለሰ አልነበረም። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

አዲሱ ሾፌር ደቻሳ ጎማው አጠገብ ቆሟል፤ ሰንዳፋ አካባቢ የተወለደ፣ ብዙ የማይናገር ጎልማሳ ነው። ሰዉ ሁሉ እሱን ያያል። ሐሩን ፈጠን ብሎ “ደቻሳ፣ አንተ ግባና ሻይ ጠጣ” አለው።

ደቻሳ አልገባም። ሾፌሮች ስለ ሾፌር አሟሟት ያወራሉ፤ አስፋልቱ ላይ የሚደበቅ ነገር የለም። “ፍሬኑን ትናንት ራሴ ፈትቼ አይቼዋለሁ ጋሼ” አለ፣ ወደ ሐሩን ሳያይ። “ደህና ነው። አባባ ይመርቁኝ።” መጥቶ ተንበረከከና መዳፉን ዘረጋ።

ሐሩን ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሽማግሌዎቹ ግን የሚያዩት ደቻሳን አልነበረም፣ እሱን ነበር።

“መንገዱን ያቅናው” አሉ ሐጂ። አሁን አሚን ያሉት ሁለት ሆኑ። ከአጥሩ ወዲያ የወይዘሮ ምንትዋብ አሜን ተሰማ። “በሰላም ሄዶ በሰላም ይግባ” ብለው ሐጂ ሲቀጥሉ ሊመርቁ የተጠሩት ሰውም አሚን አሉ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። ሲቲ ከኮምቦልቻ ወዲህ ያልሰማችውን ያንን የብዙ ሰው ድምፅ ሰማች። አባቷ ከድምፁ ጋር ትንሽ ትንሽ እየተወዛወዙ፣ ፊታቸው ፈክቶ፣ ሙሉ ሰው ሆነው ተቀምጠዋል። ማልቀስ አማራት፤ አላለቀሰችም፣ ንዴቷ ገና አልበረደም ነበርና።

ከዚያ እንደፈሩት ተደባለቀባቸው። “ሃይደርን አላህ ይርሐመው” አሉ ሐጂ። “ቀብሩን ያስፋለት።”

ሰዉ አሚን ሊል አፉን ከፍቶ አንድ አፍታ ዘገየ። ግን ምን የሚያስፈራ አለው? ሃይደር ሞቷል። ዱዓው ከሁለት ዓመት በኋላ ቦታውን አግኝቶ ነበር። ደቻሳ ቀድሞ አሚን አለ፣ ሰዉም ተከተለው፣ ከእስካሁኑም የበለጠ ጮክ ብሎ።

“ልጄን ሐሩንንም” አሉ ሐጂ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። “ልጅ ነው፣ ገና መንገድ አያውቅም። ገበያ ሄዶ ጠፍቶብኛል። አንተ ታውቀዋለህ፣ መልስልኝ።”

ሽማግሌዎቹ አሚን አሉ። ሐሩን የመኪናው ጎን ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው። ሐጂ ግን ወደሚቀጥለው ቃል አላለፉም። ዕድሜያቸውን በሙሉ አሚን ሲያስብሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከክቡ ውስጥ አንድ ድምፅ ሲጎድል ጆሯቸው ያውቀዋል። ፊቶቹን አንድ በአንድ አይተው ሲያበቁ ያንን ሱፍ የለበሰ ሰው አገኙት።

“አንተ የማን ልጅ ነህ?” አሉት። “ልጄ ጠፍቶብኝ ነው ወንድሜ። አሚን በልልኝ።”

ሐሩን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ አየ። የሐጂ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጣታቸው ወደ ጀለቢያቸው ቁልፍ ሄደ። ሲቲ ያንን እጅ ታውቀዋለች። ቀጥሎ የሚመጣውንም ታውቃለች።

“በል እንጂ” አለችው ወንድሟን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። “እየጠበቁህ ነው።”

ሐሩን እጆቹን ከኪሱ አወጣ። ኪኒኑ በአንደኛው እጁ ውስጥ ስለነበር መዳፉን መዘርጋት አልቻለም፤ ብልቃጡን መሬት ላይ አስቀመጠውና ጎንበስ እንዳለ አሚን አለ። የተሰማው በጭንቅ ነው። ለሐጂ ግን በቃቸው። እጃቸው ረጋ፣ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ፣ ደግ ነገር ላደረገላቸው እንግዳ እንደሚያደርጉት ወደ እሱ ዘንበል አሉ።

“ጎሽ፣ ተባረክ” አሉት። “ላንተም አባትህን ያቆይልህ።”

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። አሚን ያለች ሲቲ ብቻ ነበረች፤ እሷም ያለችው ዓይኗን ከወንድሟ ላይ ሳታነሳ ነው።